የጭቃ ቤት በረንዳ ፋኖሶች፦ ከግንቦት እስከ ኅዳር የያዝኩት ማስታወሻ

ግንቦት መጀመሪያ

ሥራው ይኼ ነው። ጉለሌ ያለው የቤተሰባችን ቤት የውጭ መብራቱ ሊቀየር ነው። ቤቱ የድሮ የአዲስ አበባ ቤት ነው። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶው ጥድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ፊት ለፊቱ ደረጃ ያለው የእንጨት በረንዳ አለ። ፒያሳ አካባቢ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ከሠሯቸው ትልልቅ ቤቶች ጋር አይወዳደርም። ግን ከጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን የወረደ የተፈለፈለ እንጨት አለው። ለቤቱ ሞገስ የሰጠው እሱ ነው።

አሁን ያለው መብራት ሁለት ነው። አንዱ በረንዳው መሀል ራቁቱን የተንጠለጠለ ባለ 15 ዋት ነጭ አምፖል። ሌላው ለጥበቃ ተብሎ ጣሪያው ጥግ የተሰቀለ ባለ 50 ዋት ፓውዛ። ፓውዛው ሲበራ ግቢው ኳስ ሜዳ ይመስላል። ከውጭ የሚገባ ሰው ብርሃኑ ዓይኑን ስለሚወጋው በረንዳው ላይ ማን እንደቆመ አያይም። ከፓውዛው ጀርባ ያለው ጥግ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ለሌባ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የት ይገኛል? የተፈለፈለውም እንጨት ጭራሽ አይታይም።

የምፈልገው አራት ፋኖስ ነው። ሁለቱ ከቤቱ በር ግራና ቀኝ፣ አንዱ ደረጃው አናት ላይ ተንጠልጥሎ፣ አንዱ የግቢው በር ላይ። ደረጃውን፣ የበሩን ጓንጉልና የሰውን ፊት ካሳዩ በቂ ነው። ሌላው ይጨልም።

እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችው። «መብራት ሲጠፋስ?» ይኼም ተመዝግቧል።

ግንቦት አጋማሽ

ዕቃ ከመግዛት በፊት ቦታ መሞከር ይሻላል። ቻርጅ የሚደረግ አምፖል በሲባጎ አንጠልጥዬ ማታ ማታ ከቦታ ቦታ አዛወርኩት። ከግቢው በር እየገባሁ፣ ደረጃውን እየወጣሁና እየወረድኩ አየሁት።

የበሩ ፋኖሶች አምፖላቸው ከወለሉ 1 ሜትር ከ70 ገደማ ላይ ሲሆን ጥሩ ነው። የሰው ፊት ከጎን ይበራል፣ ከዓይን ሥር ጥላ አይወድቅም። ከዚያ በላይ ሲወጣ ብርሃኑ የጣሪያውን እንጨት ብቻ ያበራል፤ ደረጃው ጨለማ ውስጥ ይቀራል። መጠኑን በተመለከተ ሰዎች የሚሉት ከበሩ ቁመት ሩብ እስከ ሲሶ ነው። የኛ በር 2 ሜትር ከ20 ስለሆነ ከ55 እስከ 73 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለጠባብ በረንዳ 73 በጣም ይገዝፋል። ካርቶን ቆርጬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና ራቅ ብዬ አየሁት። 55 ይበቃል።

የሚንጠለጠለው ከወለሉ 2 ሜትር ከ10 በታች መውረድ የለበትም። ረጅም ሰው ጭንቅላቱን ይመታዋል። ዣንጥላ የያዘ እንግዳም አለ።

ቀለሙ ላይ ብዙ ሰው አይጨነቅም። እኔ ግን መብራት ላይ ገንዘብ ከምናወጣበት ነገር ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው ባይ ነኝ። አምፖሉ ካርቶን ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ካለ ሰማያዊነት ያለው ነጭ ነው፤ ለቢሮ ይሁን። 4000ው መሀል ላይ ነው። 2700ው ወደ ቢጫ ያደላል፣ የድሮውን የክር አምፖል ይመስላል። የጭቃ ግድግዳ ላይ የተቀባው ቢጫ ቀለም በ6500 ሲታይ የታመመ ሰው ፊት መሰለ። በ2700 ግን ግድግዳው ራሱን ሆነ።

ግንቦት መጨረሻ

መርካቶ። የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆቹ ውስጥ «የጥንት» የሚባል የውጭ ፋኖስ ሞልቷል። አብዛኛው ፕላስቲክ ነው፣ ናስ አስመስለው የቀቡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ፕላስቲክን አትምረውም። መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል። አልሙኒየሙ ይሻላል፤ ግን ላዩ ላይ ያለው የአበባና የአንበሳ ጌጥ ብዛት! የኛ ቤት እንጨቱ ራሱ ጌጥ ነው፣ ሌላ አንበሳ አያስፈልገውም።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ ለመግዛት ለምታስቡ፣ ሱቅ ውስጥ ያየኋቸውን ልጻፍ። ከሁሉ በፊት አምፖሉ እንዴት እንደሚቀየር ሻጩ ያሳያችሁ። ፋኖሱን ሙሉ ከግድግዳ ማውረድ ካስፈለገ ተዉት። ኤልኢዲው ከአካሉ ጋር አብሮ የተበየደውንም ተዉት። ሲቃጠል የሚጣለው አምፖል ሳይሆን ፋኖሱ ነው። ተራውን ባለ ጥርስ አምፖል፣ ኢ27 የሚባለውን የሚቀበል ይሁን፤ እሱ ሰፈር ሱቅም አይጠፋም።

አይፒ የሚለው ቁጥርም አለ። የመጀመሪያው አሃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። 44 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል፤ ጣሪያ ላለው በረንዳ ይበቃል። 65 አቧራ አያስገባም፣ በቱቦ የሚለቀቅ ውሃም ይችላል፤ ሜዳ ላይ ለሚቆም ነው። ታዲያ ካርቶኑ 65 ይላል፣ ጎማው ግን በጥፍር ሲነኩት ይነሳል። ከቁጥሩ ይልቅ ጎማውንና ብሎኑን እዩ።

የፀሐይ ፋኖሶችንም አየሁ። ፓነሉ አናቱ ላይ የተለጠፈው ለኛ አይሆንም። በረንዳ ሥር ፀሐይ አያገኝም። ሜዳ ላይ ቢሆንም በሐምሌ ደመና ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል። ፓነሉ ለብቻው በሽቦ የሚወጣ ከሆነ ግን ለግቢው በር ያዋጣል። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ግቢውንም ቆፍሮ ሽቦ መቅበር አያስፈልግም።

ሳልገዛ ወጣሁና ወደ ምናለሽ ተራ ተሻገርኩ።

ሰኔ መጀመሪያ

ምናለሽ ተራን ለማያውቅ፣ የመርካቶ አሮጌ ነገር ሁሉ ሌላ ሕይወት የሚያገኝበት ሰፈር ነው። በርሜል ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። መዶሻው ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። እዚያ አንድ በዕድሜ የገፉ ቆርቆሮ ሠሪ አገኘሁ። ሥዕሌን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ጋሼ፣ ዙሪያውን በሲሊከን ጥርቅም ብናደርገውስ?» አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ውሃ ከላይ ብቻ የሚመጣ መሰለህ? ነፋስ ከያዘው ከታችም ይመጣል። መግባቱ አይቀርም። መውጫ አብጅለት።»

ነገሩ እውነት ነው፣ ምክንያቱም አለው። ማታ አምፖሉ ሲበራ ውስጡ ያለው አየር ሞቆ ይሰፋል፣ ይወጣል። ሲጠፋ ይቀዘቅዛል፣ ከውጭ እርጥብ አየር ይስባል። ጥርቅም ያለ ፋኖስ በጥቃቅን ቀዳዳ እርጥበት እየሳበ ያከማቻል፤ የሚወጣበት ግን የለውም። ሙቀቱም ለኤልኢዲው ጠላት ነው። የኤልኢዲ አምፖል ቶሎ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ብርሃን ሰጪው ተቃጥሎ አይደለም። ግርጌው ላይ ያለችው ትንሽ ሰርኪዩት በሙቀት ስትደርቅ ነው።

ስለዚህ የተስማማነው ይኼ ነው። አካሉ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ላሜራ። ክዳኑ ቁልቁል የተዳፋ፣ ከመስታወቱ 4 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ። ከክዳኑ ሥር ከዝናብ የተከለለ የአየር መውጫ። ወለሉ ላይ በየማዕዘኑ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ ከውስጥ በቀጭን የናስ ወንፊት የተሸፈነ፣ ነፍሳት እንዳይገቡ። አንዱ ጎን በማጠፊያ የሚከፈት። መስታወቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ውርጭ የመሰለው ዓይነት። ጥርት ያለው መስታወት ቀን ላይ ያምራል፤ ማታ ግን አምፖሉ ዓይን ይወጋል፣ ከፓውዛው አልተላቀቅንም ማለት ነው።

ናስና መዳብ አምሮኝ ነበር። ዋጋውን ሰምቼ ተውኩት። ደግሞ የመዳብ ፋኖስ ቀን በጠራራ ፀሐይ የሚነቀል ገንዘብ ነው።

ሰኔ አጋማሽ

የሽቦ ሥራ። ኤሌክትሪሻኑ ወጣት ነው፣ እጁ ጎበዝ። ኮርኒሱን ገለጥ ሲያደርግ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ኮርኒሳችን እንደ ብዙ የድሮ ቤት አቡጀዲ ተወጥሮ የተቀባ ነው። ከላዩ የበረንዳው መስመር ያልፋል፣ በጨርቅ የተሸፈነ እርስ በርሱ የተገመደ ሽቦ። ጨርቁ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ደረቅ እንጨት፣ ደረቅ ጨርቅ፣ የተላጠ ሽቦ። ፋኖሱ ቀርቶ መጀመሪያ ይኼ ወጣ። የድሮ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ አምፖል ከመምረጣችሁ በፊት ኮርኒሱን ግለጡ።

አዲሱ መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው፤ ሦስት ሽቦ፣ በቱቦ ውስጥ። ለውጭ መብራት ብቻ የሆነ የራሱ ብሬከር አለው። ከፊቱ ደግሞ 30 ሚሊ አምፔር ጅረት ከመስመሩ ሲያፈተልክ የሚዘጋ ሌላ ብሬከር አስገባን። ወደ መሬት የሚወርደው ሦስተኛው ሽቦ ላይ ትንሽ ክርክር ነበር።

«ማዘር፣ ለመብራት እኮ ግራውንድ አያስፈልግም» አላት።

«ብረቱን በእርጥብ እጄ የምወለውለው እኔ ነኝ» አለችው። የመዳብ ዘንጉ ጓሮ ተቀበረ።

ሽቦው ፋኖሱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ረገብ ብሎ እንደገና ይውጣ። በሽቦው ላይ የሚንሸራተት ውሃ እዚያ ዝቅታ ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ውስጥ አይሄድም። ምንም ዋጋ የለውም፤ ግን ስንቱ ቤት ላይ ተረስቶ አያለሁ።

ሰኔ መጨረሻ

የጭቃ ግድግዳ ላይ መስቀል። ጭቃና ጭድ ፊሸር፣ ያንን ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ፣ አይዝም። ሲበሱት ይፈረፈራል፣ ሲያጠብቁት ይዞራል። መፍትሔው ከጭቃው ጀርባ ያለውን ቋሚ እንጨት መፈለግ ነው። በጣት እያንኳኩ መሄድ፣ ድምፁ ደፈን የሚልበት እሱ ነው። አናጢው ከወይራ ሁለት ማስደገፊያ ጣውላ አዘጋጀ። ጣውላው በረጅም ብሎን ከቋሚው ጋር ታሰረ፣ ፋኖሱ ደግሞ ጣውላው ላይ። ግድግዳው ክብደት አልተሸከመም። በስተግራ ያለው ቋሚ ከበሩ ትንሽ ራቅ ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱ ፋኖሶች ከበሩ እኩል አይርቁም። ቤቱም ራሱ ቀጥ ያለ አይደለም። ማንም ልብ አላለውም።

ቤታችሁ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ግን ከመብሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የጥገና ሥራ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ያዛል። የኛ አልተመዘገበም።

ቀለሙ እንዲህ ሆነ። ጋልቫናይዝድ ላይ ተራ ዘይት ቀለም በቀጥታ ከተቀባ በሁለተኛው ክረምት እንደ ቅርፊት ይላጣል። መጀመሪያ በሳሙና መታጠብ አለበት፣ ላሜራው ከፋብሪካ የመጣበት ቅባት አለውና። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ይደረግና ለጋልቫናይዝድ የሚሆነው የታች ቀለም ይቀባል። ላዩን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቡናማ ቀባሁት። የክዳኑን ውስጥ ግን ነጭ፣ ብርሃኑን ወደ ታች እንዲመልስ።

ሐምሌ መጀመሪያ

በርቷል። በሩ ላይ ባለ 2 ዋት ሁለት፣ ደረጃው ላይ ባለ 4 ዋት አንድ። ባለ 4 ዋቱ 400 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ከድሮው ባለ 40 ዋት አምፖል ብዙም አያንስም። ፓውዛው ወረደ። የተፈለፈለው እንጨት ከሥር በሚመጣው ብርሃን ጥላ አወጣ። ከግቢው በር ሆኖ በረንዳው ላይ ያለውን ሰው በፊቱ መለየት ይቻላል።

ማን ያብራው፣ ማን ያጥፋው? ሰዓት ቆጣሪ ማብሪያ በሀሳብ ደረጃ ለኛ አገር የተፈጠረ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ሐምሌ መጀመሪያ 12 ሰዓት ከ50 ገደማ ትጠልቃለች፣ ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ 12 ሰዓት ገደማ። ዓመቱን ሙሉ ልዩነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ችግሩ ሌላ ነው። የሚዞረው ዓይነት መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሳምንቱ ፋኖሱ እኩለ ሌሊት ላይ ይበራና ረፋድ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ ፎቶሴል ተገጠመ። እሱ ሰዓት አይቆጥርም፣ ሰማዩን ነው የሚያየው። ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል። አንደኛ፣ የራሱን ፋኖስ እንዳያይ ዞር ተደርጎ ይተከል፤ ካየው «ነጋ» ብሎ ያጠፋል፣ ሲጨልም ያበራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይቅበዘበዛል። ሁለተኛ፣ ባለ ሦስት ሽቦው ይሁን። ባለ ሁለቱ ሲዘጋም ትንሽ ጅረት ያሳልፋል፤ 2 ዋት የምታህል ኤልኢዲ በዚያች ብቻ ቀኑን ሙሉ ትጭበረበራለች።

ሐምሌ መጨረሻ

የእማዬ ጥያቄ። ቤት ውስጥ የአያቴ ፋኖስ አለ፣ በላምባ የሚሠራው። ታንኩ ደህና ነው፣ ብርጭቆውም አልተሰበረም። በጎንና በጎኑ ያሉት ቱቦዎች እጀታ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አየር ወደ ነበልባሉ ማውረድ ነው። ነፋስ የማያጠፋው በነሱ ነው። ላምባ ሞልቶ መስቀል ይቻል ነበር። አቡጀዲ ኮርኒስ ሥር ግን እሳት አልሰቅልም። ታንኩን ሳልበሳ፣ ክሩ በሚወጣበት አፍ በኩል ትንሽ ቻርጅ የሚደረግ መብራት አስቀመጥኩበት። ከደረጃው ጎን ባለው መንጠቆ ላይ ነው የሚውለው። መብራት ሲጠፋ እማዬ አንሥታ ይዛው ትዞራለች። ሌላ ቀን ላምባ ቢያስፈልግም ፋኖሱ አልተነካም።

ነሐሴ

ዝናብ፣ በረዶ፣ እንደገና ዝናብ። የእንጦጦ ግርጌ ዝናቡ አግድም ነው የሚመጣው። ሽማግሌው እንዳሉት ውሃ ገባ፤ ቀዳዳው ደግሞ አወጣው። ጠዋት ጠዋት መስታወቱ ውስጥ ጉም ይዞ ያድራል፣ እስከ 4 ሰዓት ይለቃል። ከቀኑ አጋማሽ በኋላም ጉሙ ካለ ወንፊቱ ተደፍኗል ማለት ነው፤ በጥርስ ብሩሽ ይጠረጋል። በስተቀኝ ያለው ደረቅ ሆኖ በስተግራ ያለው ብቻ ይረጥብ ነበር። ምክንያቱ ከፋኖሱ አልነበረም። አሸንዳው በቅጠል ተዘግቶ እሱ አናት ላይ ይፈስሳል። አሸንዳው ተጠረገ፣ ፋኖሱ ደረቀ።

ነፍሳት። ዝናቡ ሲያባራ ክንፍ ያለው ሁሉ ወደ ብርሃን ይሄዳል። ከጎረቤት ነጭ መብራት ሥር በየጠዋቱ የሚጠረገው ሌላ ነው፣ ከኛ ሥር ያለው ሌላ። ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ነው አብዝቶ የሚጠራቸው። ለ2700 ይኼም አንድ ነጥብ ይያዝለት። ሸረሪት ግን የብርሃን ቀለም አትመርጥም።

ጳጉሜን

ከእንቁጣጣሽ በፊት ያለው ጽዳት። ብሬከሩ ይዘጋል፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ ማመን አይገባም። አምፖሉ ይወጣል። መስታወቱ በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠባል፣ በኮምጣጤ ይወለወላል፣ በጋዜጣ ይደርቃል። የድሮ ሰዎች የፋኖስ ጥላሸት በጋዜጣ ሲያጠሩ የነበረው ዝም ብሎ አይደለም፤ ክር አይተውም። በረኪና ብረቱ ላይ አይነካም።

ብየዳው መገናኛ ላይ የዝገት ነጠብጣብ አገኘሁ። እዚያ ላይ ዚንኩ በሙቀት ስለሚነሳ ይጠበቃል። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ነጩ ብረት፣ የታች ቀለም፣ የላይ ቀለም። ተራዎቹ የማጠፊያ ብሎኖች ቀይ ስለሆኑ በማይዝግ ብረት ተቀየሩ። ጥርሳቸው ላይ ቫዝሊን ቀባሁ፣ በሚመጣው ዓመት በቀላሉ እንዲፈቱ። የፎቶሴሉ ዓይን ላይ የነበረው ጭቃም ተጠረገ። አቧራ ሲጋርደው ቀኑ ገና ሳይመሽ ያበራል።

ጥቅምት

በኃይል መዋዠቅ አንድ ባለ 2 ዋት አምፖል ተቃጠለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው የሆነው። ሁለት ትርፍ አምፖል፣ ያው ዓይነት፣ ያው ኬልቪን፣ ቤት ውስጥ ይቀመጥ። አንዱ በር ቢጫ ሌላው ነጭ ሲሆን ከመጨለሙ ይብሳል።

እማዬ ደረጃው ላይ ያለው ብርሃን አነሳት። ባለ 6 ዋት ገባ። በሌሊት የምትወርድበት እሷ ናት፣ ቁንጅና አልተከራከርኩም። አሁን ሦስቱ አንድ ላይ 10 ዋት ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ 12 ሰዓት ቢበሩ በወር 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት። ፓውዛውና ነጩ አምፖል እንዲሁ ቢያድሩ 23.4 ይሆኑ ነበር።

ኅዳር

የግቢው በር ብቻ ቀርቷል። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ወጥቷል፣ ወደ ደቡብ ትንሽ አዘንብሎ። አሁን ሰማዩ ጥርት ስላለ ባትሪው ይሞላል፤ በሱ መኩራራት አይቻልም፣ ፈተናው ሐምሌ ነው። ፋኖሱን ሽማግሌው እየሠሩት ነው። ክዳኑ ይኼኛው 6 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል ብለዋል፣ ጣሪያ ስለሌለው። ለገና እንደሚደርስ ነግረውኛል። ቀብዱን ከፍያለሁ።